ቀጥሮ የማስተማር ልማድ፦ ከነፋስ ስልክ ጣቢያ እስከ ጀማሪው ፕሮግራመር

የኮምፒውተር ሳይንስ ወይም የሶፍትዌር ምህንድስና ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ማስታወቂያ ሲያነብ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው «የሥራ ልምድ» የሚለው መስመር ላይ ነው። «ዜሮ ዓመት» ካለ ያመለክታል፤ «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» ካለ ወይ ያልፈዋል ወይ ዕድሉን ይሞክራል። ዜሮ ዓመት የሚሉት ማስታወቂያዎች ጥቂት ናቸው፤ አመልካቾቻቸው ግን እልፍ ናቸው። ልምድ ለማግኘት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ የሚጠየቅበትን ይህን አዙሪት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ያብራሩታል። አንዱ ወገን ዩኒቨርሲቲዎች ለሥራ ያልደረሰ ምሩቅ ያወጣሉ ይላል፤ ሌላው ገበያው ጠባብ ነው ይላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን አንድ የታሪክ ሐቅ ይዘላሉ። የቴክኒክ ሙያ ወደዚህች አገር ከገባ ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጀማሪን ሙያተኛ ማድረግ የቀጣሪው ሥራ ነበር። ታላላቆቹ ተቋማት ቀጥረው ያስተምሩ ነበር እንጂ የተማረ እስኪመጣላቸው አይጠብቁም ነበር። ይህ ልማድ የተቋረጠው በገንዘብ እጥረት ብቻ አይመስለኝም። ልማዱ የተሠራው ከውጭ የመጣን ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ለማፍራት ስለነበር፣ ሥርዓቱን ራሱ የሚሠራ ሰው በተፈለገበት ዘመን የሚሸከመው ተቋም አጣ።

ይህን ታሪክ ከአዲስ አበባ ደቡብ፣ ከነፋስ ስልክ ላፍቶ መጀመር ተገቢ ነው። የክፍለ ከተማው ግማሽ ስም የተወረሰው ገመድ ሳይዘረጋ በአየር መልእክት ከሚያስተላልፈው የመገናኛ ጣቢያ ነው፤ አካባቢው የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ደጃፍ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያው ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ፣ በአቃቂ፣ አንሳልዶ የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ የሠራው ጣቢያ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. በወረራ ዋዜማ ለዓለም ንግግር ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮም ልደቱን ከዚህ ቀን ይቆጥራል። መሣሪያው ከውጭ መጥቷል፤ ተከላውን የመሩት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ሞርስ የሚደበድበውንና የሚያዳምጠውን ወጣት ግን ከውጭ እያመጡ መዝለቅ አይቻልም ነበር። ሙያው በአገሪቱ በየትኛውም ትምህርት ቤት ስላልነበረ ወጣቱ ሊማረው የሚችለው ከመሣሪያው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ጥልቀት ማነስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልም ያው ዘመን አሳይቷል። በማይጨው ዘመቻ የኢጣሊያ ጦር የንጉሠ ነገሥቱን የገመድ አልባ መልእክቶች እየጠለፈ ያነብ ነበር። መልእክት ማስተላለፍ የሚችል እጅ ነበረ፤ ምስጢርን የመጠበቅ ጥበብ ግን ገና ሥር አልሰደደም።

ከነጻነት በኋላ የመጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ይህን ከሥራ ላይ የሚቀዳ ሙያ ወደ ተቋምነት አሳደገው። እ.ኤ.አ. በ1951 ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ ተቋቋመ። ለመስመር ሠራተኞች፣ ለኦፕሬተሮችና ለቴክኒሻኖች በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እገዛ የራሱን ማሠልጠኛ አደራጀ። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ምድር ባቡር በድሬዳዋ ወርክሾፑ ብረት የሚያነጥር፣ የሚበይድና ሞተር የሚፈታ ትውልድ አፍርቷል። የሁለቱን አሠራር አንድ የሚያደርገው ነገር አለ። ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ቀን የቤቱ ሰው ነው፤ ስህተቱ በአለቃው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ የሚማረውም ነገ በእጁ የሚይዘውን ዕቃ ነው። በከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ የገባ ልጅ ጎማ ከመፍታት ጀምሮ ወደ መሪው የሚደርስበት መንገድም ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ልዩነቱ ቴሌና ባቡር ይህንኑ በደብተር፣ በደረጃና በደመወዝ እርከን ማሰራቸው ነው።

ከሁሉም የተሟላው ምሳሌ ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በ1938 ዓ.ም. ሲመሠረት አብራሪዎቹም መካኒኮቹም አስተዳዳሪዎቹም በአብዛኛው ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የመጡ ነበሩ። በሽርክናው ውስጥ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ ቦታውን ቀስ በቀስ ማስረከብ የተያዘ ዓላማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከምሥረታው እስከ መጀመሪያው ካፒቴን አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ፣ እስከ ሥራ አስኪያጁ ሩብ ምዕተ ዓመት መፍጀቱ ልብ ሊባል ይገባል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በየዓመቱ በጀት ላይ የሚታይ ትርፍ አያመጣም። አየር መንገዱ ግን ማሠልጠኛውን እንደ ተጨማሪ ወጪ አልቆጠረውም፤ የጥገና ክፍሉ የሚተነፍስበት ሳምባ አድርጎ ያዘው። ዛሬ የሌሎች አፍሪካ አገሮችን ሠልጣኞች ጭምር የሚቀበለው አካዳሚ ያደገው ከዚህ ነው። ሠልጣኙም ያለ ግዴታ አይማርም፤ ከተመረቀ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ይፈርማል። ወደዚህ የግዴታ ውል በኋላ እመለሳለሁ፤ ለዛሬው ክርክር ቁልፍ ነጥብ ነውና።

እስካሁን ያልኩት ያለፈውን ዘመን ማወደስ ሊመስል ስለሚችል የልማዱን ጉድለት እዚሁ መናገር አለብኝ። እነዚህ ተቋማት የቀጠሩት ጥቂቶችን ነው፤ ለአብዛኛው የአገሪቱ ወጣት በራቸው ዝግ ነበር። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ሥልጠናው ያነጣጠረው አንቀሳቃሽና ጠጋኝ በማፍራት ላይ መሆኑ ነው። የስልክ ማዞሪያው ከስዊድን፣ አውሮፕላኑ ከአሜሪካ፣ ሎኮሞቲቩ ከፈረንሳይ ይመጣል፤ የኢትዮጵያዊው ድርሻ መመሪያውን ማወቅና ሲበላሽ መጠገን ነው። ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ አየር መንገድና ወደ ሌሎች ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ሲገባም የተስተናገደው በዚሁ መልክ ነው። አይ.ቢ.ኤምንና ኤን.ሲ.አርን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ማሽኑን ያመጣሉ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ያሠለጥናሉ፤ በ«ኢ.ዲ.ፒ.» (የኤሌክትሮኒክ መረጃ ማቀናበሪያ) ክፍል ውስጥ ኪ ፓንች ኦፕሬተሯ ካርድ ትበሳለች፣ ፕሮግራመሩ ደመወዝና ሒሳብ የሚያሰላ ትእዛዝ ይጽፋል። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ብዙ ቅጽ አስከትሏል፤ ያን ሁሉ መዝግቦ ለማጠናቀር የሰለጠነ እጅ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን ለፕሮግራመር ዜሮ ዓመት ልምድ ነውር አልነበረም፤ ልምድ ያለው ሰው ከየትም አይመጣምና።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክም አልነበረም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሴጅ የተባለውን የአየር መከላከያ ሥርዓት ሲገነቡ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በገበያው ላይ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ገና አልከፈቱም። ከራንድ ተቋም የወጣው ሲስተም ዴቨሎፕመንት ኮርፖሬሽን የሒሳብ መምህሩንም ሙዚቀኛውንም በችሎታ ፈተና እየመረጠ ቀጥሮ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮችን አሠለጠነ። ብዙዎቹ በኋላ ለቀው ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ተበተኑ፤ የአሜሪካ የሶፍትዌር ኢንዱስትሪ መነሻ እርሾ ከሆኑትም እነርሱ ነበሩ። ሙያው የተወለደው በቀጣሪ ወጪ ነው። ዩኒቨርሲቲው የደረሰው ኋላ ነው፤ ከደረሰም በኋላ የቀጣሪውን ድርሻ አልተካውም።

በኢትዮጵያ ከአንቀሳቃሽነት ወደ ሠሪነት የተደረገው ዝላይ ጎልቶ የሚታየው በግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር ታሪክ ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ እንዲጻፍ ከደከሙት ቀዳሚዎች መካከል አቶ ፍሥሐ አጥላው በካሊፎርኒያ በሂውሌት ፓካርድ የሚሠሩ መሐንዲስ ነበሩ፤ ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ በኮሎራዶ የሚኖሩ የእንስሳት ሕክምና ሊቅ ናቸው። አገር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ብሔራዊ የኮምፒውተር ማእከል አጋፋሪ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ አበረከተ፤ ኋላም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የየመሥሪያ ቤቱን ጠረጴዛ ያዙ። እነዚህ ማንም መመሪያ ያልሰጣቸው፣ ባዶ ሜዳ ላይ የቆሙ ሠሪዎች ናቸው፤ ሊከበሩ ይገባል። ሥራቸው ግን በየብቻ የተሠራ ነበር። እያንዳንዱ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ስለሰጠ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ከአንድ ሚኒስቴር ወደ ሌላው የተላከ ሰነድ እንደገና ይተየባል። ቴሌ ወይም አየር መንገድ ለአንቀሳቃሾቹ እንዳደረገው ሁሉ እነዚህን ሠሪዎች አንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ፣ ጀማሪን ከእነርሱ ሥር አስቀምጦ፣ የጋራ መለኪያ ያስወጣ ቤት በጊዜው ጠንክሮ አልቆመም። መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፉ የፊደላት ቁጥር መለኪያ ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ነው፤ እዚያም ከደከሙት ውስጥ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። በዚያ ሥራ ውጤታማ የሆኑት ሰዎች ደረጃ ሲወጣ፣ ሰነድ ሲጻፍና ሐሳብ ሲተች ባዩበት ተቋም ውስጥ የመሥራት ዕድል የገጠማቸው ናቸው። የቀጣሪ ቤት የሚሰጠው ነገር ይህ ነው።

ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር ሥልጠና ከቅጥር ተነጥሎ መሄድ ጀምሮ ነበር። የግል የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች በየመንደሩ ተከፈቱ፤ እንደ ሂልኮ ያሉ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ በቁም ነገር የሚታይ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚመድብ ፖሊሲ ጀመረ። ውሳኔው በሩን ለብዙኃኑ ከፍቷል፤ የድሮዎቹ ተቋማት ያልቻሉትን አድርጓልና ላቃልለው አልፈልግም። ነገር ግን የተከፈተው የመማሪያ ክፍል በር ነው። ከክፍሉ ወደ ሥራው የሚያሻግረውን ድልድይ ማን ይሠራል የሚለው ጥያቄ በግማሽ ልብ ተመለሰ። በጀርመን ድጋፍ የተካሄደው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም የምህንድስና ተማሪ በኢንዱስትሪ ውስጥ የሚለማመድበትን ጊዜ ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ አስገባ። እንደ ነፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የትብብር ሥልጠና የሚባለውን ይዘው ሠልጣኝን ወደ ድርጅት ይልካሉ። ነፋስ ስልክ ላፍቶ የቀለም፣ የክርና የአልኮል ፋብሪካዎች አካባቢ ስለሆነ ለማሽን ሠልጣኝ መላኪያ አያጣም። ለሶፍትዌር ግን ሠልጣኙ የሚላክበት ድርጅት ራሱ ሦስት አራት ሰው ያለው፣ ያውም በጊዜ ገደብ የሚጨነቅ ቢሮ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ብዙ ጊዜ በሪፖርትና በማኅተም ያልቃል።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ሶፍትዌር እንደ አውሮፕላን ሞተር ሃንጋር አይፈልግም፤ አንድ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ወጣት በጀሞ ኮንዶሚኒየም ተቀምጦ በዓለም ምርጥ የተባለውን ትምህርት በነጻ ማግኘት ይችላል፤ ታዲያ ቀጣሪው ለምን ያስተምራል? መንግሥትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ኢኒሼቲቭ ሲጀምር የተመካው በዚሁ የኦንላይን መንገድ ላይ ነው። እውነት ነው፣ የፕሮግራም ቋንቋን በራስ ጥረት መማር ይቻላል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም አሳይተውታል። ሆኖም ጀማሪ ዴቨሎፐር በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሠራውን ብናይ ከቋንቋው ጋር ያለው ግንኙነት ትንሽ ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ጸሐፊው ምናልባት የለቀቀውን፣ በሺህ የሚቆጠር መስመር ኮድ ያነባል። ከዚያ ውስጥ አንድ ትንሽ ስህተት እንዲያርም ይሰጠዋል፤ ሲያርም ሌላ ሦስት ቦታ እንዳያበላሽ ይጠነቀቃል። የጻፈውን ሲኒየሩ ይገመግምለታል፤ ለምን እንደተመለሰበት ይረዳል። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በቃል የነገረችውን ፍላጎት ወደ ሥርዓት ይለውጣል፤ የነገረችውና የምትፈልገው የሚለያዩ መሆናቸውን ይደርስበታል። አዲሱ ስሪት ለተጠቃሚ ከመለቀቁ በፊት መፈተኑን፣ ከተበላሸ ወደ ቀድሞው መመለሻ መንገድ መኖሩን ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በሥራ ላይ ባለ ሥርዓት፣ በእውነተኛ ተጠቃሚና በእውነተኛ ኪሳራ መካከል ብቻ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ጋር በተያያዘ ችግር በአንድ ሌሊት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ካለአግባብ ወጪ እንደሆነበት ሲገልጽ አገሪቱ በሙሉ ያየችው የዚህን ዓይነቱን ዕውቀት ክብደት ነው። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ በቪዲዮ የተማረ ሰው የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቀጣሪዎች የሚሰማ ነው፦ ቴሌና አየር መንገድ ተፎካካሪ አልነበራቸውም፤ ያሠለጠኑት ሰው የሚሄድበት አጥቶ ይቆያል፤ የዛሬ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ግን አንድ ዓመት ያስተማረውን ልጅ ባንክ ይወስድበታል፣ ከባንኩ ደግሞ የውጭ ኩባንያ። ይህን ስጋት ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከመቶ ብር በላይ ሲሻገር፣ ከቤቱ ሆኖ በዶላር የሚከፈለውና በብር የሚከፈለው ዴቨሎፐር ልዩነት ሰፍቷል። ጀማሪዎችን በማሠልጠን ላይ አተኩሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የተነሣው ገበያ የተባለው ኩባንያ እንኳ ኋላ ባለሙያን ከሥራ ወደሚያገናኝ መድረክነት አዘንብሏል። ቢሆንም የታሪኩን ማስረጃ ልብ እንበል። አየር መንገዱም መካኒክና አብራሪ ይለቁበት ነበር፤ የዓለም ገበያ ለእነርሱ ከማንም በፊት ተከፍቷል። መልሱ ማሠልጠኛውን መዝጋት ሳይሆን የግዴታ ውል ማስፈረምና ከሚለቀው በላይ ማፍራት ነበር። ሕንዶችም በሶፍትዌር ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ኢንፎሲስ አዲስ የቀጠራቸውን ምሩቃን በማይሶር ግቢው ለወራት ደመወዝ እየከፈለ ያሠለጥናል፤ ስንቱ እንደሚለቅ እያወቀ። ትንሹ ድርጅት ይህን ብቻውን አይችልም ከተባለ እስማማለሁ። ድርጅቶች በጋራ የሚያሠለጥኑበት፣ ሠልጣኙ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወርበት አሠራር ግን ከአቅማቸው በላይ አይደለም፤ እስከ ዛሬ የታጣው ሰብስቦ የሚጠራቸው ይመስለኛል።

የሕጉ የሙከራ ጊዜ ድንጋጌም ቢሆን የሚገምተው ጀማሪው ተሠርቶ እንደመጣ ነው። በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀናት አይበልጥም ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 60 የሥራ ቀናት ከፍ ብሏል። ማሻሻያው ለቀጣሪው ተጨማሪ የመመዘኛ ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን ሁለቱም አዋጆች በዚህ ጊዜ የሚጠይቁት ሠራተኛው ለቦታው ተስማሚ ነው ወይ የሚለውን ነው፤ ቀጣሪው ምን አስተማረው የሚል ጥያቄ የለበትም። ከዚህ በላይ ምሩቁ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የወጪ መጋራት ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው። ማለትም የትምህርቱን ድርሻ ወጣቱ ከደመወዙ እየቀነሰ ሊከፍል ተስማምቷል፣ መንግሥት የራሱን ከፍሏል፤ ከሦስቱ ተጠቃሚዎች አንዱ የሆነው ቀጣሪ ብቻ ወደ ሒሳቡ አልገባም። የድሮው ልማድ የነበረው ፍትሕ ይህን ክፍያ በተጠቃሚው ቀጣሪ ላይም መጣሉ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ አዲስ ነው፤ በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት በየቢሮው ሲነገር ይሰማል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀላል ቀላሉን ኮድ ይጽፋል፤ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን ሥራ ማሽኑ ከወሰደው ጀማሪ ለምን ይቀጠራል? ጥያቄው በእርግጥ ከባድ ነው፤ የመሰላሉ የታችኛው እርከን እየተነሣ መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ማሽኑ የጻፈውን አንብቦ ይህ ትክክል ነው፣ ይህ አደገኛ ነው የሚለው ሰው ያ ቀላል ሥራ ያሳደገው ሲኒየር ነው። አውቶማቲክ የስልክ ማዞሪያ በእጅ ታገናኝ የነበረችውን ኦፕሬተር ሥራ ወስዷል፤ ነገር ግን ማዞሪያውን የሚፈትሽ ቴክኒሻን ስላስፈለገ ማሠልጠኛው የትምህርቱን ይዘት ቀየረ እንጂ አልተዘጋም። ቀላሉ ሥራ ሲጠፋ የማስተማሩ ኃላፊነት ይጨምራል፤ ጀማሪው እግረ መንገዱን ይማረው የነበረውን አሁን ሆን ብሎ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋልና።

ታዲያ ዛሬ የቴሌንና የአየር መንገድን ቦታ ሊይዝ የሚችል ማን አለ? ትልቅ ሥርዓት በእጁ ያለው ሁሉ፣ ከሁሉም በፊት ባንኮችና ቴሌኮም ናቸው። ንግድ ባንክን ጨምሮ በርካታ ባንኮች ዋና ሥርዓታቸው ቲ24ን የመሰለ ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ነው፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ከሁዋዌ ጋር የተሠራ ነው፤ ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2006 የቴሌኮም ማስፋፊያው በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ለቻይናው ዜድ.ቲ.ኢ. ተሰጥቶ ነበር። መግዛቱን አልነቅፍም፤ በየዘርፉ ከዜሮ መጀመር ጊዜና ገንዘብ መፍጀት ነው። የምነቅፈው በእነዚህ ቤቶች የሚቀጠረው ወጣት ዛሬም እንደ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ኦፕሬተር ሆኖ መቅረቱን ነው፤ ቅንብሩን ይለውጣል፣ ቅሬታ ይመዘግባል፣ ጠለቅ ያለው ችግር ሲመጣ ለሻጩ ኢሜይል ይጽፋል። የአየር መንገዱ መሥራቾች ከቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ሲዋዋሉ የገዙት የበረራ አገልግሎት ብቻ አልነበረም፤ ሙያው ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ የሚዛወርበትን መንገድም ነበር። በባንኮችና በቴሌኮም ውሎች ውስጥ «የእውቀት ሽግግር» የሚል አንቀጽ መጻፍ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው በሁለት ሳምንት ሥልጠናና በሰርተፊኬት ነው። በዚያው አንቀጽ ስንት ጀማሪ ዴቨሎፐር ከሻጩ መሐንዲሶች ጎን ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው ዓመት የትኛውን የሥርዓቱን ክፍል ኢትዮጵያውያን ብቻቸውን እንደሚረከቡ በቁጥር ሊጻፍ ይችላል። የባንክ ዘርፉ ለውጭ ባንኮች በሕግ በተከፈተበት በአሁኑ ጊዜ አዲስ የሚገቡት ባንኮች የራሳቸውን ሥርዓትና የራሳቸውን ባለሙያ ይዘው እንደሚመጡ ይጠበቃል፤ ፈቃድ ሰጪው አካልም ይህን ጥያቄ ማንሣት ያለበት ፈቃዱ ሳይፈረም ነው።